በመስመር ወይስ በብተና? የማሳ ሙከራ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ዙሪያም ሆነ ደምቢያ፣ ጤፍን በመስመር መዝራት ከብተና ይሻል እንደሆነ ለማየት ማሳ ከፍሎ መሞከር ደግ ሐሳብ ነው። ልኬቱ ላይ ግን ራሳችንን እንሸውዳለን።

ለአዲሱ ምርጡን መሬት መስጠት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። አዲሱ እንዲሳካ ስለምንጓጓ፣ ከቤት የቀረበውን፣ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረውን ጥግ እንሰጠዋለን። ብተናው ውኃ የሚተኛበት ዋልካ (ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር) ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት የመሬቱ ነው። እኔም አንድ ዓመት ውጤቴን በኩራት ሳወራ፣ የማሳው ባለቤት "ልጄ፣ እዚያ እኮ ድሮ በረት ነበር" አሉኝ። አፈርኩ። ዛሬ መሬቱን ጎን ለጎን ከፍዬ፣ የትኛው ለመስመር የትኛው ለብተና እንደሚሆን ዘውድና ጎፈር እጥላለሁ። አንድ ማሳም አይበቃም፤ አምስት ስድስት ገበሬ ጋ መድገም ነው።

ዘንድሮን ከአምና ማወዳደር

አምና ዝናቡ ቀድሞ ቆሞ ይሆናል። ማነጻጸሪያው በዚያው ክረምት፣ እዚያው አጠገብ ይብቀል። ደግሞ መስመሩንም ዘሩንም ማዳበሪያውንም አንድ ላይ ከለወጣችሁ፣ የትኛው እንደሠራ ማን ያውቃል?

በአንድ ካሬ መተማመን

1 ሜትር በ1 ሜትር አጭዶ መመዘን የተለመደ ነው። ሒሳቡን ግን እዩት። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ናሙናው ላይ 10 ግራም መሳሳት በሄክታር 1 ኩንታል መሳሳት ነው። ጭብጥ እንኳ የማይሞላ ጤፍ! የዋልካው ስንጥቅ የዋጠው ብቻ ይበቃል። ዳሩን አትጨዱ፤ ዳር ያለ ሰብል ብርሃን ስለሚተርፈው ይፋፋል። ዓይን የሳበውን ቦታም አትምረጡ። ስንት እርምጃ እንደምትገቡ ማሳው ሳትደርሱ ወስኑ፤ ከየማሳውም ደጋግማችሁ ናሙና ውሰዱ።

እርጥቡን መመዘንም አለ። እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ እህል 12.5 በመቶ ላይ ሲደርስ 94 ኪሎ ገደማ ነው።

ጉልበትን መርሳት

በመስመር መዝራት ሰው ይበላል። ወንፈል ነጻ ይመስላል፤ ብድሩን ግን ሰው ማሳ ላይ ትመልሱታላችሁ። መስመሩ ከብተናው 2 ኩንታል ጨምሮ 20 ተጨማሪ የሰው ቀን ከወሰደ፣ አንዱ ቀን ያስገኘው 10 ኪሎ ጤፍ ነው። ይህን ከቀን ሠራተኛ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ጭዱንም መዝኑ፤ በበጋ ላም የሚቀልብ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።