አሮጌውን የቤዝቦል ስታዲየም ከአዲሱ ጎን ስለ ማፍረስ

በ1996 በአትላንታው ኦሎምፒክ ፋጡማ ሮባ የሴቶች ማራቶንን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ የ10,000 ሜትር ሩጫን ያሸነፉበት ስታዲየም ከመነሻው የታሰበው ለቤዝቦል ነበር። ውድድሩ እንዳበቃ ከ85,000 ገደማ መቀመጫዎቹ ብዙዎቹ ተነሥተው በ1997 የአትላንታ ብሬቭስ ቡድን መጫወቻ ሆነ። ቡድኑ ከ1966 ጀምሮ ሲጫወትበት የኖረው፣ የኦሎምፒኩም የቤዝቦል ግጥሚያዎች የተካሄዱበት ክብ ስታዲየም በዚያን ጊዜ ገና ከጎኑ ቆሞ ነበር። ይህ አሮጌ ስታዲየም ኦገስት 2 ቀን 1997 በፈንጂ ተናደና ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለው ሥራ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ቡድኑ አዲሱ እስኪያልቅ ድረስ በአሮጌው መጫወት ስላለበትና ሰፊ መሬት፣ መንገድና ባቡር ተሟልቶ የሚገኘውም አሮጌው ባለበት አካባቢ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አዲሱ በአሮጌው መኪና ማቆሚያ ላይ ይሠራል፤ አሮጌው ሲፈርስ ደግሞ የእሱ ቦታ በተራው ለአዲሱ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር በሙሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፦ የሚፈርሰው አሮጌው ቢሆንም ዘዴውን፣ ቅደም ተከተሉንና የሥራውን ሰዓት የሚወስነው አጠገቡ የቆመው አዲሱ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የጊዜ ነው። አዲሱ ስታዲየም ሕዝብ እንዲገባበት የሚፈቅደውን የምስክር ወረቀት ሳያገኝ የአሮጌውን የማፍረስ ቀን በውል ማሰር ከባድ ስሕተት ነው። በሚልዋኪ ከተማ ጁላይ 14 ቀን 1999 ለአዲሱ ስታዲየም የጣሪያ ክፍል ሲያነሣ የነበረ ግዙፍ ክሬን በነፋስ ወድቆ ሦስት የብረት ሠራተኞችን ገደለ፤ የአዲሱ መክፈቻም ከ2000 ወደ 2001 ተላለፈ። ቡድኑ ያን አንድ ተጨማሪ ዓመት የተጫወተው ከ1953 ጀምሮ ሲያገለግል በነበረው፣ ገና ባልተነካው ስታዲየም ውስጥ ነው። በውሉ ላይ ማፍረሱ የሚጀመርበትን ቀን ከመጻፍ ይልቅ «አዲሱ ተረክቦ ከተፈተሸ ከዚህን ያህል ቀናት በኋላ» ብሎ መጻፍ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የሁለቱ መሬት ከተደራረበ ግን ይህ ምክር ብቻውን አይበቃም። በሲንሲናቲ አዲሱ እንዲገባ ሲባል ከ2000 የጨዋታ ዘመን በኋላ የአሮጌው መቀመጫዎች አንድ ክፍል ተቆርጦ ተነሣ፤ ቡድኑም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወገኑ በተከፈተ ስታዲየም ተጫወተ። በሴንት ሉዊስ ደግሞ የአዲሱ አንድ ክፍል የሚያርፈው አሮጌው በቆመበት መሬት ላይ ስለነበር፣ በ2005 የመጨረሻው ጨዋታ በኦክቶበር እንዳበቃ ማፍረሱ በኖቬምበር መጀመሪያ ተጀምሮ በዲሴምበር አለቀ፤ አዲሱም በኤፕሪል 2006 የተወሰነ ክፍሉ ሳይጠናቀቅ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ድርርብ ሲኖር ቀድሞ የሚነሣው ክፍል ከተነሣ በኋላ ቀሪው ራሱን ችሎ መቆም መቻሉን በስሌት ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ክብ ስታዲየም አንዱ ክፍል ሌላውን እየደገፈ የሚቆም ነውና፣ ከቀለበቱ አንድ ቁራጭ ሲወጣ ጫፍ ሆነው የሚቀሩት ምሰሶዎች ለነፋስና ለጎን ግፊት አዲስ ድጋፍ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ሁለተኛው ውሳኔ በፈንጂ ይናድ ወይስ በማሽን ይፍረስ የሚለው ነው። ፈንጂ ሥራውን በሰከንዶች ይጨርሳል፤ ሠራተኞችም በተዳከመ አርማታ ሥር ለወራት አይውሉም። በአንጻሩ ንዝረቱ፣ የአቧራው ደመናና ወደ ጎን የሚፈናጠረው ስብርባሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቢሳሳት ደግሞ መመለሻ የለውም። በሴንት ሉዊስ የከተማ ባቡር መስመር አጠገቡ ስላለፈና አዲሱም እየተሠራ ስለተጠጋው፣ ስታዲየሙ ክሬን በሚያወዛውዘው ከባድ የብረት ኳስ ፈረሰ። በኒው ዮርክም በ2008 መጨረሻ ጨዋታቸውን ያቆሙት ሁለቱ ስታዲየሞች፣ የኩዊንሱ ሼይና የብሮንክሱ ያንኪ፣ በአየር ላይ በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበሩ፤ የተነሡትም ያለ ፈንጂ ቁርጥራጭ እየሆኑ ነው። እኔ የምመክረው መካከለኛውን መንገድ ነው። ከአዲሱ ጋር የሚዋሰነውን ወገን በቅድሚያ በማሽን አንሥቶ በሁለቱ መካከል በቂ ክፍተት መፍጠር፣ ቀሪውን በፈንጂ የመናዱን ጉዳይ መመርመር ደግሞ ከዚያ በኋላ ይሁን። ክፍተቱን መፍጠር የማይቻል ከሆነ ፈንጂውን መተው ይገባል።

ዘዴው ከተመረጠ በኋላ ምርመራ ይከተላል። የአሜሪካ የሠራተኞች ደኅንነት ደንብ ከማንኛውም ማፍረስ በፊት ብቃት ያለው ሰው የሕንፃውን አቋም መርምሮ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ያዛል። የድሮውን ንድፍ ብቻ ማመን አይገባም፤ በአርባና በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተጠገነና እንደ ተጨመረበት የሚያሳየው ራሱ አርማታው ነውና፣ ከየምሰሶው ናሙና ቆርጦ ጥንካሬውንና ውስጡ ያለውን ፌሮ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ እኩል የሚያስፈልገው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋው፣ የአዲሱ ስታዲየም ምርመራ ነው። ማፍረሱ ሳይጀመር የአዲሱ ግድግዳ፣ ወለልና መስታወት አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ተለክቶና ቀን ተጽፎበት በሁለቱም ወገን መፈረም አለበት። አዲስ አርማታ ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ይህ ሰነድ ከሌለ ያ ስንጥቅ ሁሉ የአፍራሹ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል። የንዝረት መለኪያ መሣሪያዎችም በአዲሱ መሠረት ላይና በላይኛው ወለል ላይ ቀድመው ተተክለው፣ በጸጥታው ጊዜ የሚመዘገበው መጠን መታወቅ አለበት። ለጠንካራ ሕንፃ በሰከንድ 50 ሚሊሜትር የሆነ የንዝረት ፍጥነት እንደ ጣሪያ ይወሰዳል፤ አዲስ የፈሰሰ አርማታና በቅርቡ የተገጠመ መስታወት ባለበት ግን ወሰኑን ከዚያ በጣም ዝቅ ማድረግ ይገባል።

የመብራት፣ የውኃ፣ የጋዝና የፍሳሽ መስመሮች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ አዲሱ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌው መስመር ተቀጥሎ ይሠራልና። መስመሩን በካርታ ላይ ማየት አይበቃም። ጉድጓድ ቆፍሮ በዓይን አይቶ፣ የትኛው ወደ የት እንደሚሄድ ለይቶ፣ ለአዲሱ የሚሄደውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ካዞሩ በኋላ ነው አሮጌውን መቁረጥ የሚገባው። ከዚያ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳው ቃጫማ ማዕድን፣ ይወገዳል። በቱቦ መሸፈኛ፣ በወለል ንጣፍና በጣሪያ ውስጥ ያለው አስቤስቶስ ተፈልጎ፣ ፈቃድ ባላቸው ሠራተኞች በታሸገ ክፍል ውስጥ መነሣት አለበት፤ የማፍረሱ ማስታወቂያም በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ ከ10 የሥራ ቀናት በፊት ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይደርሳል። የእርሳስ ቀለም፣ ሜርኩሪ ያለባቸው አምፖሎችና የማቀዝቀዣ ጋዝም እንዲሁ ቀድመው ይወጣሉ።

መቀመጫዎቹ ለደጋፊዎች ይሸጣሉ። በሼይ ስታዲየም ጥንድ መቀመጫ በ869 ዶላር የተሸጠው ቁጥሩ ቡድኑ ሻምፒዮን የሆነባቸውን ዓመታት፣ የ1986ን «86» እና የ1969ን «69»፣ አንድ ላይ እንዲያስታውስ ነው።

ከሽያጩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሜዳው ልኬት ነው። በቤዝቦል መቺው ከጎኑ የሚቆምበት ነጭ ባለ አምስት ማዕዘን ሰሌዳ፣ ሆም ፕሌት የሚባለው፣ የጨዋታው ሁሉ መነሻና መድረሻ ነው፤ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ሲያየው የኖረው ነጥብ እሱ ነው። በሼይ ቦታ ዛሬ መኪና የሚያቆም ሰው ሆም ፕሌቱና ቤዞቹ (ሯጩ በተራ የሚረግጣቸው ሦስት ማረፊያዎች) የነበሩበትን ምልክት አስፋልቱ ላይ ያገኛል፤ በቺካጎም በ1991 የፈረሰው የኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ሆም ፕሌት በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ምልክት አለው። በአትላንታ ደግሞ የብሬቭሱ ተጫዋች ሃንክ አሮን ኤፕሪል 8 ቀን 1974 የመታትና የቀድሞውን ተጫዋች የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን የሰበረባት 715ኛዋ ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ የምታልፍ ምት) ያረፈችበት ቦታ እንዲታወቅ ተደርጓል። ይህ የሚቻለው ግን ቀያሹ ሰሌዳው ከመነቀሉ በፊት ከደረሰ ብቻ ነው። የሆም ፕሌቱ፣ የሦስቱ ቤዞችና የወርዋሪው ጉብታ ልኬት ከሚፈርሰው ግቢ ውጭ ካለ ቋሚ ነጥብ ጋር ተያይዞ መወሰድ አለበት፤ በግቢው ውስጥ ያለ ነጥብ ሁሉ ከስታዲየሙ ጋር አብሮ ይጠፋልና። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ካመለጠ ግን በኋላ በፎቶግራፍ ግምት ካልሆነ በስተቀር የሚመልሰው የለም።

በማሽን ሲፈርስ ቅደም ተከተሉ የግንባታው ግልባጭ ነው። የመብራት ማማዎች፣ የውጤት ሰሌዳውና ጣሪያው ቀድመው በክሬን ይወርዳሉ። ከዚያ የላይኛው የመቀመጫ ደርብ ይቀጥላል፤ ትልቁ አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ደርብ ወደ ሜዳው አንገቱን አስግጎ የሚቆመው የኋላው ክብደት ስለሚይዘው ነው። የኋላው ረድፍ ቀድሞ ከተነሣ የፊቱ ክፍል ሚዛኑን ስቶ ወደ ሜዳው ይደፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሜዳው በኩል ካለው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ምሰሶዎቹ፣ እየቆረጡ መሄድ ግድ ነው። ረጅም ክንድ ያለው እስካቫተር በሜዳው ውስጥ ቆሞ አርማታውን በመንጋጋው እየነከሰ ወደ ውስጥ ያወርዳል። ወደ አዲሱ አቅጣጫ ምንም ነገር እንዳይወድቅ የውጨኛው ግድግዳ እስከ መጨረሻው እንደ አጥር ሆኖ ይቆያል፤ ግድግዳው ራሱ የሚወርደውም ከላይ ወደ ታች በቁርጥራጭ፣ ወደ ሜዳው እየተጎተተ ነው።

በፈንጂ ከሆነ አብዛኛው ሥራ ከፍንዳታው በፊት ባሉት ሳምንታት ይከናወናል። በየምሰሶው ጉድጓድ ይቦረቦራል፤ ግንቦቹና ደረጃዎቹ ሕንፃውን ደግፈው እንዳይዙት ይቆረጣሉ፤ ምሰሶዎቹ ስብርባሪ እንዳይፈናጠር በሽቦ መረብና በወፍራም ጨርቅ ይጠቀለላሉ። ፈንጂዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈነዱም። በፊላደልፊያ የቬተራንስ ስታዲየም ማርች 21 ቀን 2004 ሲናድ ፍንዳታው ከአንዱ ወገን ተነሥቶ በዙሪያው እየዞረ 62 ሰከንድ ወሰደ፤ አዲሱ ስታዲየም በቀጣዩ ወር ሊከፈት ከጎኑ ቆሞ ነበር። ክብደቱ በአንድ ቅጽበት መሬቱን ከሚመታው ይልቅ በየተራ ሲወርድ ንዝረቱ ስለሚከፋፈል ነው እንዲህ የሚደረገው። በሲያትል የኪንግዶም ስታዲየም ማርች 26 ቀን 2000 ከ2 ቶን በላይ በሆነ ፈንጂ በ16.8 ሰከንድ ወረደ፤ ዓመት ያልሞላው አዲሱ የቤዝቦል ስታዲየም አጠገቡ ነበር። ሳይንቲስቶች በከተማዋ ብዙ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎችን አስቀምጠው፣ ያንን ንዝረት ከከተማዋ ሥር ያለውን መሬት ለማጥናት ተጠቀሙበት። የፊላደልፊያውም ሆነ የሲያትሉ፣ እንዲሁም የፒትስበርጉና የሲንሲናቲው የተናዱት እሑድ ማለዳ ነው፤ መንገዱ ባዶ፣ የሥራ ቦታው ዝግ የሚሆንበትን ሰዓት መምረጥ ይገባል። በዚያ ማለዳ የአዲሱ የአየር ማስገቢያዎች መታሸግ፣ ሣሩ መሸፈን፣ መስታወቶቹም መከለል አለባቸው። በማሽን በሚፈርስበት ጊዜም ቢሆን አቧራው በማያቋርጥ ውኃ መያዝ አለበት፤ ያ ውኃ ደግሞ ሳይጣራ ወደ ጎርፍ ማስወገጃው መግባት የለበትም።

ፍርስራሹ ሸክም ብቻ አይደለም። አርማታው እዚያው በክሬሸር ተፈጭቶ፣ ፌሮው በማግኔት ተለይቶ ለብረታ ብረት ነጋዴ ይሸጣል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ስታዲየሞች ሜዳቸው ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ስለሆነ የተፈጨው አርማታ ጉድጓዱን ይሞላል፤ በከተማው መካከል የሚመላለሱት ገልባጭ መኪናዎችም ይቀንሳሉ። ሙሌቱ በስስ ንብርብር እየተጠቀጠቀና እየተለካ ካልሄደ ግን አስፋልቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰምጣል። ሊነቀሉ የማይችሉ ጥልቅ መሠረቶች ካሉ ከላይ ተቆርጠው የቀሩበት ቦታና ጥልቀት በካርታ መመዝገብ አለበት፤ ወደፊት የሚቆፍረው ሰው ሌላ ምስክር አያገኝም።

የቦታው ቀጣይ አገልግሎትም በውሉ ውስጥ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። በብሮንክስ አዲሱ የያንኪ ስታዲየም የተሠራው የሰፈሩ ሰዎች በሚጠቀሙበት የመናፈሻ መሬት ላይ ነበር፤ ምትክ እንዲሆናቸው ቃል የተገባላቸው አሮጌው የሚፈርስበት ቦታ ነው። አዲሱ በኤፕሪል 2009 ሲከፈት አሮጌው ገና አልፈረሰም፤ ማፍረሱ ያለቀው በ2010፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ የተከፈተውም በ2012 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሜዳ ያጡት አጠገቡ የሚኖሩት ልጆች ናቸው። መናፈሻ የሚተካበት ውል ሲዋዋል የማፍረሱ ክፍያ የመጨረሻው ድርሻ ሣሩ እስኪበቅልና በሩ ለሰፈሩ እስኪከፈት ድረስ እንዲያዝ እመክራለሁ፤ ርክክቡም የሚፈጸመው የመሠረቶቹ ካርታ፣ የንዝረቱ መዝገብና የሆም ፕሌቱ ልኬት ያለበት ወረቀት በአንድ ላይ ሲቀርቡ ይሁን።