በትንሽ ካሜራ ቪዲዮ ላይ ከደማቅ ብርሃን የሚወጣው ቀጥ ያለ መስመር፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክቱ

በትንሽ ዲጂታል ካሜራ ቪዲዮ ሲቀረጽ ፀሐይ፣ የመኪና የፊት መብራት ወይም በውኃ ላይ የሚያንጸባርቅ ጨረር ወደ ፍሬሙ ሲገባ፣ ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ታች እስከ ሥዕሉ ጫፍ የሚዘረጋ ነጭ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ መስመር ይታያል። ብርሃኑ ከፍሬሙ ሲወጣ መስመሩም አብሮት ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። እኔም በአንድ ሠርግ ላይ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ፊት ለፊት የቀረጽሁትን ቪዲዮ ይዤ ወደ ጥገና ቤት በሄድሁ ጊዜ «ሴንሰሩ ተቃጥሏል፣ መለወጥ አለበት» ተብዬ ነበር። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ሥዕል የሚለውጠው ሴንሰር ግን ደኅና ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ለማያስፈልግ ጥገና ገንዘቡን እንዳያወጣ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካሜራውን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ፣ ያንኑ ብርሃን በፍሬሙ ውስጥ እንዳለ ትተው አንድ ፎቶግራፍ ያንሡ። መስመሩ በቪዲዮውና ፎቶው ከመነሣቱ በፊት በስክሪኑ ላይ እየታየ በፎቶግራፉ ላይ ግን ከሌለ፣ ችግሩ በባለሙያዎች ዘንድ ስሚር የሚባለው ነው። ካሜራውን እየቀረጹ በፍጥነት ወደ ጎን ሲያዞሩ መስመሩ ዘንበል ማለቱ፣ ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ ዓይነት ሲሆን ደግሞ መስመሩ መቆራረጡ ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው።

ምክንያቱ

እስከ እ.ኤ.አ. 2010 አካባቢ የተሠሩት አብዛኞቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሲሲዲ የተባለውን ሴንሰር ይጠቀማሉ፤ ይህም ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ የፈለሰፉትና በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተካፈሉበት ሥራ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ሲሲዲ ላይ እያንዳንዱ ብርሃን ተቀባይ ነጥብ የሰበሰበውን የኤሌክትሪክ ሙል አጠገቡ ወዳለ ቀጭን መተላለፊያ ያሳልፋል፤ መተላለፊያውም ሙሎቹን ተራ በተራ ወደ ታች እየገፋ ወደ ማንበቢያው ያደርሳቸዋል። መተላለፊያው ብርሃን እንዳይነካው በስስ ብረት የተሸፈነ ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ እጅግ ሲበረታ ጥቂቱ በሽፋኑ ጠርዝ ሾልኮ ይገባል።

ጣሪያው በአንድ ቦታ በሚያፈስ ቤት ውስጥ እንስራዎች በሰልፍ እየተገፉ ቢያልፉ፣ በዚያች ቀዳዳ ሥር ያለፈ እንስራ ሁሉ፣ ውኃ የያዘውም ባዶውም፣ የራሱ ያልሆነ ጠብታ ተቀብሎ ይሄዳል። በሴንሰሩም ላይ የሚሆነው ይኸው ስለሆነ፣ ከደማቁ ነጥብ በላይና በታች ያለው ዓምድ በሙሉ ይነጣል። ፎቶግራፍ ሲነሣ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሜካኒካል ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚከልለው መዝጊያ፣ ተዘግቶ ሙሎቹ በጨለማ ስለሚነበቡ መስመሩ አይፈጠርም፤ በቪዲዮ ጊዜ ግን ይህ መዝጊያ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ብርሃኑም ንባቡ ሲካሄድ መግባቱን አያቋርጥም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ለእኔ ግን የመፍትሄው ቁልፍ እርሱ ነው። ለሥዕሉ የሚሰበሰበው ብርሃን በኤሌክትሮኒክ ሹተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ሴንሰሩ ለእያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን በሚሰበስብበት ጊዜ ርዝመት፣ ይወሰናል፤ ሾልኮ የሚገባው ግን በሹተሩ ፍጥነት አይለወጥም፤ የሚወሰነው ወደ ሴንሰሩ በሚደርሰው ብርሃን ኃይልና በንባቡ ጊዜ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሹተሩ በፈጠነ ቁጥር ሥዕሉ ይደክማል፣ መስመሩ ግን እንዳለ ይቀራል። ኤክስፖዠሩን (ለሥዕሉ የሚሰበሰበውን ብርሃን) ይቀንሱ የሚለው የተለመደ ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ካሜራው የሚቀንሰው ሹተሩን በማፍጠን ከሆነ ቪዲዮው ይጨልምና መስመሩ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል።

መፍትሄው

በቀን ብርሃን የሚሠራው ዘዴ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ከመግባቱ በፊት መቀነስ ነው። ካሜራው በፀሐይ በ1/1000 ሰከንድ ሹተር ይቀርጽ ነበር እንበል። ብርሃኑን ወደ 1/8 የሚያወርድ ኤንዲ ፊልተር በሌንሱ ፊት ሲደረግ ካሜራው ራሱ ሹተሩን ወደ 1/125 ያዘገየዋል፤ ሥዕሉ በቀድሞ ድምቀቱ ይቆያል፣ የመስመሩ ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ትንንሽ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ የፊልተር ማሰሪያ ስለሌላቸው ፊልተሩን በእጅ አስጠግቶ መያዝ ይቻላል፤ ፊልተር ከሌለ ደግሞ ንጹሕ የፀሐይ መነጽር ያገለግላል፣ መነጽሩ ቀለም ካለው ግን ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ትብነት) መምረጥ የሚያስችል ካሜራ ከሆነ ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ለስፖርት የተዘጋጀውን ሞድ ያጥፉ፣ ሹተሩን ያፈጥነዋልና።

በማታ ይህ ዘዴ አይረዳም፤ ፊልተሩ ከመኪናው መብራት ጋር መንገዱንም ያጨልመዋል። በማታ ያለው አማራጭ መብራቱን ከፍሬሙ ማውጣት፣ በዛፍ፣ በምሰሶ ወይም በሰው ትከሻ መከለል፣ ወይም በሚቀረጸው ሰው ላይ ብርሃን መጨመር ነው። ዙሙን ወደ ሰፊው መመለስም ይጠቅማል፤ የመብራቱ ምስል በፍሬሙ ውስጥ ባነሰ መጠን መስመሩ ይቀጥናል፣ ይደክማልም። ከመስኮት ፊት ለሚቀረጽ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ቦታ መለዋወጥ ነው፤ ቀራጩ ጀርባውን ለመስኮቱ ከሰጠ የሚቀረጸው ሰው ፊት በደንብ ይታያል፣ መስመሩም አይኖርም።

ፀሐይን ራሷን ለረጅም ጊዜ በፍሬም ውስጥ ማቆየት ሴንሰሩን ሊጎዳ ይችላል። በመስታወት መመልከቻው በኩል ፀሐይን ማየት ደግሞ ዓይንን ይጎዳልና ፈጽሞ አይሞከር።

መስመሩ ስሚር ካልሆነ

ፎቶግራፉም ላይ መስመር ካለ ሌንሱን ይመልከቱ። የጣት ቅባት በአንድ አቅጣጫ ተጠርጎ ሲቀር ከመብራቱ የሚወጣና እየራቀ ሲሄድ የሚደበዝዝ ጨረር ይፈጥራል፤ ስሚር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደበዝዝም። ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

መስመሮቹ አግድም ሆነው ጨለማና ብርሃን እየተፈራረቁ የሚንከባለሉ ከሆነ፣ ካሜራው ምናልባት ሲሞስ የተባለው ሴንሰር ያለው ነው፤ መስመሮቹን የሚፈጥረውም የመብራቱ መርገብገብ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ካሜራ ደግሞ ለ60 ኸርዝ ተዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል። በሜኑው ውስጥ 50 ኸርዝ ወይም ፓል (ከ50 ኸርዝ ጋር የሚሄደው የቪዲዮ ሥርዓት) የሚለውን መምረጥ፣ ሹተሩን መወሰን የሚቻል ከሆነም 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ያስተካክለዋል።

ሌንሱ በእጅ ተሸፍኖ፣ ምንም ብርሃን ሳይገባ፣ መስመሩ በዚያው ቦታ ላይ ከቀረ ግን በእርግጥ የሴንሰሩ ዓምድ ተበላሽቷል፤ ወደ ጥገና ቤት መወሰድ ያለበት ካሜራ ይህ ነው።