ኑግ መጭመቂያው ሲያስቸግር መጀመሪያ ፋጉሎውን እዩ

መጭመቂያዬን ፍኖተ ሰላም ያስገባሁት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ኑጉ ከአውድማ ገብቶ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ እየቀረበ ስለነበር ልቤ ቸኩሏል። ሻጩ "ሰክቶ ማጉረስ ብቻ ነው" አለኝ። ሰካሁ፣ አጎረስኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑ "እምምም" ብሎ ቀጥ አለ። ውስጥ የደረቀውን ኑግ በመሮ ስንፈለፍል ሁለት ቀን ፈጀብን። ዛሬ ቡሬም ደንበጫም ያሉ ዘመዶቼ እንደኔው ትንሽ መጭመቂያ ገዝተዋል፣ ሲያስቸግራቸው ደግሞ ለእኔ ይደውላሉ። ጥያቄው ስለሚደጋገም ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ሥጋ መፍጫ አይታችኋል አይደል? ነገሩ ያው ነው። ስክሩ (ጠምዛዛው ዘንግ) ኑጉን ወደ ፊት ይገፋል፣ ቦታው እየጠበበ ይሄዳል፣ ዘይቱ በበርሜሉ (ስክሩን በከበበው ቱቦ) ስንጥቆች ይንጠባጠባል፣ ፋጉሎው (ዘይቱ የወጣለት የኑግ ቅሪት) በጫፉ ይወጣል። ጫፉ ላይ የምታጠብቁትና የምታላሉት ብሎን አለ። የግፊቱ ጌታ እሱ ነው። ሌላው የሙቀት፣ የእርጥበትና የንጽሕና ጉዳይ ነው፣ ሰው ግን ማሽኑ ትንሽ ባኮረፈ ቁጥር መጀመሪያ የሚይዘው ቁልፍ ነው። ተዉ። መጀመሪያ ፋጉሎውን አንሱና እዩት።

ጤነኛ ፋጉሎ እንደ ቅርፊት ስስ ነው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ገደማ። አንድ ጎኑ ልስልስ ብሎ ያብለጨልጫል። ሲሰብሩት ቀጭ ይላል፣ በጣት ሲጨብጡት ዘይት አይተውም። ይህን መልክ በደንብ ያዙት፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

ገና ሲነሳ ያንቃል

የእኔ የመጀመሪያ ቀን ችግር ይኸው ነበር። ምክንያቱ ብርድ ነው። ቀዝቃዛ በርሜል ውስጥ የገባ ኑግ አይንሸራተትም፣ ዘይቱም ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይወጣም፣ ከዚያ ፋጉሎው ስክሩ ላይ ይጋገርና ሁሉም ነገር ይቆማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጎጃምን ጠዋት ታውቁታላችሁ።

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። የጫፉን ብሎን አላሉት። በእጅ ጭብጥ እየቆነጠራችሁ አጉርሱ፣ የሚወጣውንም ፋጉሎ መልሳችሁ ከኑግ ጋር ቀላቅላችሁ አስገቡት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንዲህ ስታደርጉ በርሜሉ እጅ የማያስነካ ትኩሳት ይይዛል። ያኔ ብሎኑን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ብቻ፣ ፋጉሎው እስኪሳሳ ድረስ አጥብቁ። ማሞቂያ ያለው ማሽን ከሆነ አስቀድማችሁ ለኩሱት፣ ሙሉ ሙቀት ሳይደርስ ሞተሩን አታስነሱ።

ቀድሞ ካነቀስ? መብራቱን አጥፉ፣ ሶኬቱንም ንቀሉ። ማጥፊያው ብቻ አይበቃም። ብሎኑን አላልታችሁ ጫፉን ፍቱ፣ ስክሩን አውጡና ጠራርጉ። ጣትም እንጨትም በማጉረሻው በኩል ከትቶ መግፋት ክልክል ነው፣ ይህን ለልጆች ደጋግማችሁ ንገሩ። ነጠላና ጋቢም ከቺንጋው (ማሽኑን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዘው ቀበቶ) አጠገብ አይድረስ። የእኔው ቺንጋ መከለያ አልነበረውም፣ ከቆርቆሮ አስበይጄ ነው ያደረግሁለት።

ጠዋት የሚያንቅ ማሽን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትናንት ማታ ነው። ሥራ ጨርሳችሁ ዝም ብላችሁ ካጠፋችሁት ውስጡ የቀረው ኑግ ሌሊቱን ሲሚንቶ ይሆናል። ማታ ከማጥፋታችሁ በፊት ብሎኑን አላሉና አንድ ሁለት ጭብጥ ደረቅ ፋጉሎ ወይም የስንዴ ፉርሽካ አሳልፉበት። ከዚያ ባዶ እስኪወጣ አዙሩት፣ ጫፉንም ትኩስ እያለ ፈታችሁ አጽዱ። ሩብ ሰዓት ነው። እኔ ሁለት ቀን በመሮ የከፈልኩበትን ነገር እናንተ በሩብ ሰዓት ትገላገሉታላችሁ።

ፋጉሎው ወፍራምና እርጥብ ነው፣ ዘይቱ ግን ጠብ አይልም

ብሎኑ ከላላ አጥብቁት። ይህ ቀላሉ ነው።

አጥብቃችሁም ካልተሻሻለ ኑጉ እርጥብ ነው። እርጥብ ኑግ ግፊት አይይዝም፣ እንደ ሊጥ ይሆንና ስክሩ ላይ እየተጠቀለለ ይንሸራተታል። ክረምት ላይ፣ በተለይ እንጅባራ አካባቢ ዝናቡ በማያባራበት፣ ጎተራ የቆየ ኑግ እርጥበት ይስባል። ለመጭመቅ የሚስማማው እርጥበት ከመቶ ከ6 እስከ 8 ገደማ ነው። መለኪያ የለንም እንግዲህ። በጣም ደረቅ ጨውና ጭብጥ ኑግ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ በኃይል ነቅንቁ፣ ትንሽም አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ኑጉ ክፉኛ እርጥብ ነው። አልተለጠፈም ማለት ግን ለመጭመቅ ደርሷል ማለት አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ጥርስ ነው የሚፈርደው። ሲነክሱት ልምጥ ካለ ይቀረዋል፣ ቀጭ ካለ ደርሷል።

ፀሐይ ካለ ሸራ ላይ አስጡት፣ ከሌለ ብረት ምጣድ ላይ ሞቅ አድርጉት። ሞቅ ነው ያልኩት፣ መቁላት አይደለም። ለብ ያለ ኑግ ማጉረስ ራሱ ዘይቱን ይጨምራል።

ኑጉም ደረቅ፣ ብሎኑም ጥብቅ፣ ፋጉሎው ግን አሁንም ወፍራም ከሆነ ስክሩ ተበልቷል። የሚበላው ደግሞ አሸዋ ነው። አውድማ ላይ የተወቃ ኑግ አፈር ይዞ ነው የሚመጣው፣ በሰፌድ ብታነፍሱትም በክብደት ከኑጉ ፍሬ እኩል የሆነው ጠጠር አይለቅም። በሁለት ወንፊት አሳልፉት። አንዱ ሰፊ ዓይን ያለው፣ ገለባውንና ድንጋዩን የሚያስቀር፣ ሌላው ጠባብ፣ አቧራውን የሚያወርድ። ቢቻል ሸራ ላይ ከተወቃ ገበሬ ግዙ። ለሚስማርና ለሽቦ ቁራጭ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ማጉረሻው አፍ ላይ አስሬያለሁ። በወር አንድ ጊዜ ሳየው የሚለቅመው ነገር ያስደነግጠኛል።

የተበላ ስክሩ ቶርኖ ቤት ወስዶ በብየዳ ማስሞላትና መልሶ ማስቀረጽ ይቻላል፣ እኔም አንድ ጊዜ አስደርጌዋለሁ። ጥሩ እጅ ያለው ሰው ካልሠራው ግን ሚዛኑ ይዛባና ማሽኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

አንድ ጎረቤቴ ሥራው እንዲፈጥንለት የሞተሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) በትልቅ ቀየረ። ፈጠነለት፣ እውነት ነው፣ ፋጉሎውም እንደ ጎርፍ ወረደ። ዘይቱ ግን አብሮ ከፋጉሎው ጋር ሄደ። ስክሩ ሲፈጥን ኑጉ ተጨምቆ ለመንጠብ ጊዜ አያገኝም። ከፋብሪካ የመጣውን ፑሌጃ አትንኩ።

ለመመዘኛ ያህል፦ ከ10 ኪሎ ንጹሕ ኑግ 3 ሊትር አካባቢ ካገኛችሁ በቤት ማሽን ደህና ነው። ከ2 ሊትር በታች ከሆነ ወደ ላይ ተመለሱና እንደገና አንብቡ።

ፋጉሎው ዱቄት ይሆናል፣ ጭስ ጭስ ይላል

የላይኛው ተቃራኒ ነው። ወይ ብሎኑ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይ ኑጉ ከልክ በላይ ደርቋል። ሚያዝያ ላይ ያየሁት ሁሉ ይኼ ነው። ብሎኑን ሩብ ዙር መልሱ። ካልበቃ ኑጉን አርጥቡት። ለ10 ኪሎ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ እረጭ አድርጋችሁ በደንብ እሹትና በጆንያ ሸፍናችሁ አሳድሩት። 200 ሚሊ ማለት እርጥበቱን ከመቶ ሁለት መጨመር ነው፣ ከዚያ በላይ አትዳፈሩ። አሁኑኑ አርጥቦ አሁኑኑ ማጉረስ ጥቅም የለውም፣ ውኃው ገና ቆዳው ላይ ነው ያለው።

ዘይቱ ድፍርስ ነው

ይህን ስልክ ስሰማ እስቃለሁ። ከመጭመቂያ የወጣ ዘይት ድፍርስ ነው፣ ጥበቃ ነው መፍትሄው። ጀሪካን ውስጥ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፣ የጠራውን በቀጭን ጎማ ከላይ ቅዱት፣ ከዚያ በአቡጀዲ አጥሩት። የቀረውን ዝቃጭ ጥቂት በጥቂት ከኑግ ጋር መልሶ ማጉረስ ይቻላል።

ዝቃጩ ከዘይቱ ሊበልጥ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። ኑጉ በጣም ደርቋል፣ ወይም የበርሜሉ ስንጥቅ በመበላት ሰፍቷል። ሌላም አለ። ተልባ ወይም ጎመን ዘር የተቀላቀለበት ኑግ እኩል አይጨመቅም። አንዱ ሲደቅ ሌላው ሳይነካ ያልፋል። ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጪ ተብሎ ነበር፣ መጭመቂያው ግን ይህን ፍርድ አይወድም።

ይመራል፣ ይሸታል፣ መጥበሻ ላይ ይፈነጣጠራል

ምሬቱ ከተቃጠለ ኑግ ነው። ምጣዱ ላይ ጠቁሯል ማለት ነው፣ የሚመለስበት መንገድ የለም። የሚሸተው ወይ ከአሮጌ ኑግ ነው ወይ ከአቀማመጥ። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው፣ ለጤና ይመሰገናል፣ ነገር ግን ከአየርና ከብርሃን ጋር ቶሎ ይጣላል። ሱቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚመታውን የላስቲክ ጠርሙስ አይታችሁ የእኔ ለምን ሸተተ አትበሉ። እስከ አፉ ሙሉት፣ ክደኑት፣ ጓዳ አስገቡት። ለጾሙ የሚበቃውን ብቻ መጭመቅና ኑጉን በፍሬው ማስቀመጥ ይሻላል፣ ፍሬው ራሱን ይጠብቃል።

የሚፈነጣጠረው ውኃ ስላለው ነው። በሰፊ ድስት፣ በዝግታ እሳት፣ ፉት ፉት ማለቱን እስኪተው አሙቁት፣ አጠገቡም ቁሙ። ሲጨስ አልፋችሁታል።

ሞተሩ

ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም? ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ ነው፣ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ይቀየራል። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ መብራቱ ደክሟል። ከ200 ቮልት በታች ሲወርድ ሥራ አቁሙ፣ ሞተር የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ቀጭን ኤክስቴንሽን ጎትቶ ማሠራትም ያው ጉዳት አለው።

ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ ወደ ኋላ ከዞረ ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል፣ እሱን ግን ኤሌክትሪሺያን ያድርገው። ወደ ኋላ የሚዞር ስክሩ ኑጉን ወደ ማጉረሻው ይተፋዋል፣ ስለዚህ በባዶው ፈትሹ።

ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት፣ አንድ ጣት ያህል ቢገባ ልክ ነው። የጎማ ሽታ ከመጣ እየተንሸራተተ ነው። ከበስተኋላ የብረት ጩኸት ከሰማችሁ ኩሽኔታው (ስክሩ ተደግፎ የሚዞርበት) ግራሶ ይፈልጋል። የስክሩን ግፊት ሁሉ የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ገና ላልገዛችሁ

ለቤት ፍጆታ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ይበቃል፣ በሰዓት ጥቂት ኪሎ ነው የሚሠራው፣ በየመሃሉም ማሳረፍ ይፈልጋል። ለጎረቤት እያስከፈላችሁ ልትጨምቁ ካሰባችሁ ግን እሱን አትግዙ፣ በአንድ ወቅት ይሞታል። ከባዱን የብረት ማሽን ግዙ፣ መጀመሪያ ግን ቆጣሪያችሁ ሦስት ፌዝ መሆኑን እዩ። ሻጩ መለዋወጫ ስክሩና የበርሜል ዘንግ ካልያዘ ሂዱና ሌላ ጠይቁ። ሲሚንቶ ወለል ላይ በውኃ ልክ አስተካክላችሁ እሰሩት፣ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ብሎኑን ራሱ ያላላል።

ፋጉሎው ሻገተ

ይህን ማንም እንደ ማሽን ችግር አያየውም፣ ግን ከማሽኑ ነው የሚጀምረው። ፋጉሎው ሲወጣ ትኩስ ነው። ትኩሱን ጆንያ ውስጥ ከከተታችሁት ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ላሟ ከበላችው በወተቷ በኩል ለልጆቻችሁ ይደርሳል። መቀቀል አያጠፋውም። እኔ ሸራ ላይ በስሱ ዘርግቼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው ጆንያ የማስገባው፣ ጆንያውንም ከመሬት በእንጨት ከፍ አደርገዋለሁ። አምና አንድ ጆንያ ግድግዳ ተደግፎ ረጥቦብኝ አረንጓዴ ሆነ። ሚስቴ "ለበሬው እንኳ ስጠው" አለችኝ። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።