የሚያንጠባጥበውን የእንፋሎት ራዲያተር እንዴት እንደቀየርኩ
በዋሽንግተን ዲሲ የምንኖርበት አሮጌ ቤት የሚሞቀው እንፋሎቱ በሚመጣበት በዚያው ቧንቧ፣ ሲቀዘቅዝ ውኃ ሆኖ ወደ ቦይለሩ (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ወደሚያደርገው ማሞቂያ) በሚመለስበት ሥርዓት ሲሆን፣ የሳሎኑ ራዲያተር (እንፋሎቱ ገብቶበት ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት) ግን ግማሹ ቀዝቃዛ ነበር። የአየር ማስወጫው ከተደፈነ እንፋሎቱ መግባት ስለማይችል በቅድሚያ እርሱን ለወጥኩ። ሙቀቱ ቢስተካከልም ከሥር የሚንጠባጠበው ውኃ አልቆመም፤ ብረቱ ራሱ ተሰንጥቋል፤ እንዲህ ያለውን ጠግኖ ማመን ደግሞ አይገባም።

ቦይለሩን አጥፍቼ፣ ብረቱ ከበረደ በኋላ፣ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ያገለገለ ራዲያተር ከረዳት ጋር ተከልን። አሮጌው ቫልቭ (እንፋሎቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው መክፈቻ) ከሌላ ራዲያተር ማያያዣ ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም ቫልቩንና ማያያዣውን አብሮ መለወጥ ይሻላል። ዋናው ጥንቃቄ ግን ማዘንበሉ ነው፦ ከቫልቩ ራቅ ያሉት እግሮች በስስ ጣውላ ከፍ ካላሉ፣ የተጠራቀመው ውኃ ከእንፋሎቱ ጋር እየተጋጨ ቧንቧውን በኃይል ያንኳኳዋል። ቫልቩም ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይም ይዘጋ እንጂ በከፊል አይተው።