የአንጋፋ ሐኪም ወረቀቶች ለቤተ መዛግብት እንዴት ይዘጋጃሉ?

አንድ አንጋፋ ሐኪም ሲያርፉ ቤተሰቡ አርባቸውን ያወጣና ቤት ማጽዳት ይጀምራል። ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ፣ ነገሩ ያው ነው። ልብሱ ለዘመድ ይሰጣል። መጽሐፉን ልጆች ይካፈሉታል። ሰርቪስ ቤት ውስጥ በማዳበሪያ የታጨቀው ወረቀት ግን ለቁራሌው ይሸጣል። ከሳምንት በኋላ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ይጠቀለልበታል። ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስቡ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ ዘመናዊ ሕክምና ተምረው ሐኪም በመሆን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ስለ ሕይወታቸው ብዙ ነገር የምናውቀው ያ ማስታወሻ ስለተረፈ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በእነዚያ ዓመታት የተማሩና ያስተማሩ ሐኪሞች ወረቀት ዛሬ በየልጆቻቸው ቤት አለ።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ምንም ባለመንካት። ክምሩን እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደታሰረ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደነበረ ይታይ። ብዙ ሰው ደግ የሠራ መስሎት ደብዳቤውን ለብቻ፣ የትምህርት ማስታወሻውን ለብቻ ይለያል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ሐኪሙ አንድ ደብዳቤ ከአንድ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ጋር ያሰሩት በምክንያት ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ያፈረሰ ሰው ምክንያቱንም አጠፋው ማለት ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱን ከቆርቆሮው ሥር አውጡት። ሰርቪስ ቤት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ያፈሳል። ዋናው ቤት ውስጥ ከውጭ ግድግዳ ራቅ አድርጉና ከወለሉ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። የራሰ ካለ ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ዘርጉት፤ ፀሐይ ላይ አታስጡት። በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዘዋል። የሻገተውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ስትነኩትም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

የዛገ አግራፍና ስፒል ሳትጎትቱ ቀስ ብላችሁ አውጡ። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ያቢጨዋል። ራጅና የፎቶ ፊልም ካለ አሽትቱት። አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ መበላሸት ጀምሯል፤ ሌላውንም ያበላሻልና ለብቻው ይቀመጥ።

አሁን ዝርዝር ማውጣት ነው። ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ግን በጣም እወደዋለሁ። እያንዳንዱን እስር በእርሳስ ቁጥር ስጡት፤ ቀለም ያለው እስክሪቢቶ አይነካው። ከዚያ ደብተር ላይ ምን እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈና የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ መዝግቡ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። «12/4/67» የሚል አገኛችሁ እንበል። በእኛ ከሆነ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ነው፤ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ኤፕሪል 12 ቀን 1967፣ በእኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1959 ነው፤ ንጉሡ ዙፋን ላይ ሳሉ። ውጭ የተማሩ ሐኪሞች ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። ከጎኑ «ሚካኤል» ተብሎ ከተጻፈ የእኛ ነው፤ ወሩ በገባ በ12 ሚካኤል ነውና። ምንም ፍንጭ ከሌለ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ፤ በግምት አትለውጡ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው።

የበሽተኛ ስም ያለበትን ነገር ሁሉ፣ የወጣበትን እስር ቁጥር ጽፋችሁ ለብቻ አኑሩ። ካርድ፣ የምርመራ ውጤት፣ የታካሚ ፎቶ። ያ ሰው ወይም ልጁ ዛሬ ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፉት አደራ። አትቅደዱትም፤ ለምርምር ዋጋ አለው። ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይ ከተቀባዩ ጋር ተስማሙ።

ፎቶዎቹን ደግሞ የሐኪሙ ባለቤት ወይም የሥራ ባልደረቦቻቸው በሕይወት ሳሉ አሳዩአቸው። ቡና አፍሉና አንድ በአንድ ጠይቁ፤ የሚሏችሁን በድምፅ ቅዱ። ይህን ለነገ አትበሉት።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ካርቶኑን ሳትጭኑ ዝርዝሩን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ያስተማሩበትን የሕክምና ትምህርት ቤት ጠይቁ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አሉ። ማን ያስቀምጠዋል? የት? ማን ያየዋል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የቅጂ መብቱንም ጻፉት፤ በእኛ ሕግ ጸሐፊው ካረፉ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ወረቀቱን ሰጣችሁ ማለት መብቱን ሰጣችሁ ማለት አይደለም። የስምምነቱ አንድ ቅጂ ቤት ይቅር።

የምትጭኑበት መኪና ሸራ ይኑረው። ከተቻለ ሰኔ ሳይገባ ጨርሱት።