ያገለገለች የዓሣ ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሥራዬ ሸዋ ሮቢት ላይ የመስኖ ፓምፕ ሞተር መጠገን ነው። ሰሜን ሸዋ እንደ ጀማ፣ ወንጪትና ከሰም ያሉ ገደል ለገደል የሚወርዱ ወንዞች እንጂ ጀልባ የሚውልበት ሰፊ ሐይቅ የለውም። ሆኖም የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ በደጃችን ያልፋል። ከዝዋይ በኩል ተገዝታ በደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ለማስገር የምትሄድ ጀልባ በተሳቢ ተጭና ደብረ ብርሃን ታድራለች፣ ሞተሯ ካስቸገረም እኔ ጋ ትቆማለች። የአካባቢያችን ወጣቶችም ገንዘብ አዋጥተው ለዚህ ሥራ ሲነሱ «ጋሼ፣ እስቲ አብረውን ሄደው ይዩልን» ይሉኛል። ብዙዎቹ የሚጠሩኝ ግን ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ መጻፍ ፈለግሁ።

የምናገረው ስለ አንድ ዓይነት ጀልባ ብቻ ነው፦ ርዝመቷ ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ ሆዷ ዝርግ፣ ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ ከኋላዋ ተነቃይ ሞተር የሚንጠለጠልባት፣ ደንገልና ቄጠማ ውስጥ ገብታ መረብ የምትጥል። የዝዋይ ሐይቅ አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ቆሮሶና አምባዛ ፍለጋ ወደዚያ ዳር መግባት ያልቻለች ጀልባ ምንም ያህል ብትረክስ ውድ ናት።

የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው ጸጉሩን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል። ያው ሰው ጀልባ ሲገዛ ግን ቀለሟን አይቶ፣ ሞተሯን አስነሥቶ፣ ድምፁ ካማረው ገንዘቡን ይቆጥራል። እናንተ ከሆዷ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ሞተሩ የሚሰቀልበትን የኋላ ሳንቃዋን እዩ፣ ሞተሩን መጨረሻ አድርጉት። ሞተር ይለወጣል፤ የበሰበሰ ገላ ግን አብሯችሁ ይኖራል።

ባዶዋን ሳለች ውሃ ውስጥ ጠልቃ ትቀመጣለች

ከምልክቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፣ አብዛኛው ገዢ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። መንስኤው በታችኛው ሆድና በምንረግጠው ወለል መካከል ተደብቋል። ሠሪው ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ እንዳትሰጥም ያንን ክፍተት በፎም ይሞላዋል። በኋላ አንድ ሰው መቀመጫ ለማሰር ወለሉን በስቶ ብሎን ይመታበታል፣ ቀዳዳውን ግን በወጉ አይደፍነውም። የዝናቡና የመረቡ ውሃ በዚያ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ለዓመታት ይገባል፣ ፎሙም ይጠጣል፣ የጠጣውን አይመልስም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህች ጀልባ ይመስለኛል፤ ላይዋ ደረቅ ነው፣ ቀለሟ ያበራል፣ ውስጧ ግን ሸክም አለ።

ስንት ኪሎ እንደጠጣች በሜትር ማወቅ ይቻላል። 4.5 ሜትር ርዝመትና 1.4 ሜትር ስፋት ያላት ዝርግ ጀልባ፣ የአፍንጫዋ መጥበብ ተቀንሶ፣ ውሃ ላይ የምታርፍበት ስፋት ወደ 5 ካሬ ሜትር ነው። 5 ካሬ ሜትር ውሃ በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 50 ሊትር ነው፣ ክብደቱም 50 ኪሎ። ስለዚህ ጀልባዋ ወደ ታች የምትወርድባት እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር 50 ኪሎ ናት። የአንድ ሠሪ ሥራ የሆኑ ሁለት እኩያ ጀልባዎች ካገኛችሁ ሞተራቸውን አውርዱ፣ ዕቃቸውን አውጡ፣ ጎን ለጎን አንሳፍፏቸውና ከጠርዛቸው እስከ ውሃው ያለውን በአራቱም ማዕዘን ለኩ። አንዷ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለች 150 ኪሎ ተሸክማለች ማለት ነው። አንድ ኩንታል ተኩል ዓሣ ሊጫንበት የሚገባውን ቦታ ውሃ ይዞታል።

ጀልባዋ ደብረ ብርሃን ላይ በተሳቢ እንደቆመች ከሆነ የተገኘችው የመኪና ሚዛን ፈልጉ። ከነተሳቢዋ መዝኗት፣ ከዚያ ተሳቢውን ብቻውን መዝኑና ቀንሱ። ሻጩ የሚዛኑን ክፍያ እናንተ ከከፈላችሁ የሚከለክልበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም፤ ከከለከለም መልሱን አግኝታችኋል።

መፍትሄው ቀላል አይደለም። እርጥብ ፎም በፀሐይ አይደርቅም። ከታች በስታችሁ ብታንጠፈጥፉት የሚወጣው ጥቂቱ ነው፣ የቀረው በፎሙ ቀዳዳዎች ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ወለሉን በመጋዝ ከፍቶ፣ ፎሙን ፍቆ አውጥቶ፣ ሆዱን አድርቆ እንደገና መዝጋት ያስፈልጋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ፎሙን አውጥተው ክፍተቱን ባዶ ይተዉታል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያቺ ጀልባ በማዕበል ከሞላች እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። አዲስ ውሃ የማይጠጣ ፎም ካላገኛችሁ ክዳናቸው በደንብ የተጠበቀ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካኖችን ደርድራችሁ እንዳይንቀሳቀሱ አድርጋችሁ እሰሩ። አንዱ ጀሪካን ወደ 19 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ የሞተሩንና የጀልባዋን ክብደት አስቡና ቁጥራቸውን በዚያ ወስኑ። ይህን ሁሉ የማድረግ አቅምና ጊዜ ከሌላችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

የኋላ ሳንቃዋ ሞተሩ ሲነካ ይወዛወዛል

ሞተሩን ታችኛው ጫፉ ላይ ይዛችሁ በመጠኑ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ዓይናችሁ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ሞተሩ በተሰቀለበት ሳንቃ ላይ ይሁን። ሳንቃው ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጎኖቹ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ኮምፔርሳቶ በስብሷል። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረጋችሁ ዙሩት፤ ደኅናው ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን ይደነቁራል። ከብሎኖቹ ሥር ቡናማ ውሃ የሚያለቅስ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሻጮች ይህን በአሉሚኒየም ላሜራ ይሸፍኑታል። ላሜራው መልኩን እንጂ ጉልበቱን አይመልስም፣ ብስባሹንም አፍኖ ያፋጥነዋል። የሚያዋጣው ከውስጥ በኩል ያለውን ፋይበር ቆርጦ፣ የበሰበሰውን እንጨት እስከ ደረቁ ድረስ አውጥቶ፣ አዲስ ኮምፔርሳቶ በሬዚን፣ ማለትም ፋይበሩን በሚያደርቀው ፈሳሽ ሙጫ፣ አልብሶ መመለስ ነው። እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳም ውስጡ በሬዚን መለበስ አለበት።

ሆዷ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ፕሮፔለሯ ግን ጭቃ ያርሳል

የሞተር እግር አጭርም ረጅምም አለው። ለአጭሩ የሚሆነው ሳንቃ ቁመቱ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ለረጅሙ የሚሆነው ወደ 51 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአጭር እግር በተሠራች ጀልባ ላይ ረጅም እግር ያለው ሞተር ከተሰቀለ ልዩነቱ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ ይህ ገብቶ በማስገርና ዳር በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ክንፍ እዩ፤ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለች መሆን አለባት። በጣም ከወረደች ሳንቃው ላይ ጠንካራ እንጨት ደርቦ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ነገር ግን በብሎን መወጋት አለበት፤ በመቆንጠጫው ብቻ እንዳትተማመኑ።

ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበትም የለውም

እዚህ ላይ ጥሩ ሞተር ያለ ጥፋቱ ሲጣል አይቻለሁ። ሁለት ልጆች ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር በበርሜል ውሃ ውስጥ አስነሥተው ሲያጨስና ሲንተፋተፍ አይተው ትተውት ሊመጡ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ መሆኗን ማንም አላሰበም። አየር በሳሳ ቁጥር ካርቡራተሩ የሚያስገባው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ጉልበት ይጠፋል። በደብረ ብርሃን ከጉልበቱ ሩብ ያህል የለም ማለት ነው። ሞተሩን ጣርማ በርን አሻግረን ወደ ሸዋ ሮቢት አወረድነው፤ እዚህ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ነው። ካንዴላዎቹን ጠርገን በዚያው ቤንዚን ስናስነሣው ጭሱ ቀለለ፣ ድምፁም ተስተካከለ።

ስለዚህ የሞተርን ጭስ በምትሠሩበት ከፍታ እንጂ በተገዛበት ከተማ አትፍረዱ። ዝዋይ 1,636 ሜትር ላይ ነው፣ የወሎው ሐይቅ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሞተር እዚያም ቤንዚን ስለሚበዛበት በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን መጣኝ የነሐስ ቀዳዳ በአነስተኛ መለወጥ ያስፈልጋል። ጀልባዋ ጭነት ይዛ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ካልደረሰ ደግሞ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አጠር ያለ ፕሮፔለር ይፈልጋል።

ጭሱ ዝቅተኛ ቦታም ካልለቀቀ ወደ ሌላ መንስኤ እለፉ። ባለ ሁለት ምት፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት ሞተር ከሆነ የዘይቱን ልክ ጠይቁ፤ የብዙዎቹ ልክ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፣ «ለሞተሩ አዝኜ» እያለ እጥፍ የሚጨምር ባለቤት አለ። ቀጥሎ የሁለቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሚያምቁትን ግፊት፣ በመለኪያ አስለኩ። ልዩነታቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ቀለበቶቹ ወይም ሲሊንደሩ አልቀዋል፣ ያ ሞተር ለዋጋ ድርድር እንጂ ለሥራ አይበቃም።

ከሞተሩ ጎን የሚወረወረው ውሃ ደካማ ነው

ውስጡ ያለው የፓምፕ ጎማ ደርቋል ወይም መግቢያው በጭቃና በቅጠል ተደፍኗል። መግቢያውን ጥረጉ፣ ካልተሻለው ጎማውን ለውጡ። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ግን ሳይለወጥ ከቀረ ሞተሩን ያቃጥላል። ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን የሚያስነሣ ሻጭ ካያችሁ ጎማው እንደሞተ ቁጠሩት።

የታችኛው ካምቢዮ ዘይት ወተት መስሏል

ውሃ ገብቶበታል። የታችኛውን ብሎን ሞተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት ላይ ፍቱት፤ ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ካለ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። በመረብ በሚያሰግሩ ጀልባዎች ላይ የማገኘው መንስኤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የመረብ ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ ፓራኦሊዮውን፣ ማለትም ዘይት ያዥውን ጎማ፣ ቆርጦታል። ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ክሩን ልቀሙ፣ ፓራኦሊዮውን ለውጡ፣ አዲስ ዘይት ሙሉ። ከዘይቱ ጋር የብረት ፍቅፋቂ ከወጣ ግን ጥርሶቹ ተበልተዋል፤ ሌላ ሞተር ፈልጉ።

ተሳቢውን እንዳትረሱት

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ስትደርሱ የተሳቢውን ጎማ መሐል በእጃችሁ ዳብሱት። እጅ የሚፈጅ ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ የለውም ወይም አልቋል። በዚያ ሁኔታ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና መውረድ የሰው ነፍስ ማስያዝ ነው፤ እዚያው ቁሙና ለውጡት።

ጀልባዋን ካስመረመራችሁ በኋላ የሞተሩን ቁጥር በሽያጭ ውሉ ላይ አስጽፉ። ለገበያ የሚያሰግር ፈቃድ ማውጣት እንዳለበትም በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ተደንግጓል፤ ከመክፈላችሁ በፊት የሐይቁን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

የቀረው የመጨረሻው ሙከራ ነው፣ ሁለት ጀልባ የምታማርጡ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሞክሩ። በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገበት ዘንግ ያዙ። ሦስት ሰው፣ ሙሉ የቤንዚን ጋን፣ እርጥብ መረብና የዓሣውን ክብደት የሚተካ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ጫኑ። ሞተሩን አንሥታችሁ እየገፋችሁ ወደ ደንገሉ ዳር ግቡ፣ ሆዷ መሬት የነካበትን ጥልቀት በዘንጉ ለኩ። ለእነዚያ ሁለት ልጆች ሁለት ጀልባ ስንሞክር ከደብረ ብርሃን የመጣው ሞተር የተሰቀለባት ጀልባ በ16 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመች። አዲስ ቀለም የተቀባችውና ሻጩ ደጋግሞ ያሞገሳት 21 ላይ ቆመች፣ ወለሏን ስንከፍተውም ፎሙ እንደ ስፖንጅ ተጨመቀ።