የታመመች ጥንቸል ቤት ውስጥ ስናስታምም

ጥንቸላችሁ ልክ አልመስል ካለቻችሁ መጀመሪያ ሁለት ነገር አስታውሱ። መጨረሻ ስትበላ ያያችኋት መቼ ነው? በጠጥ የጣለችውስ? ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳትቀምስ ከቆየች ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። "እስቲ እስከ ነገ እንያት" የሚባልበት አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ጥንቸል ማከም የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የጥንቸል አንጀት ዕረፍት ስለማያውቅ ነው። ቀንም ሌሊትም መንቀሳቀስ አለበት። ሲቆም ውስጡ ያለው ምግብ ይደርቃል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያማታል። ስላመማት አትበላም። ስላልበላች ደግሞ አንጀቷ ይብስበታል። እንዲህ ከቀጠለ ሰውነቷ የራሱን ስብ ማቅለጥ ይጀምራል፤ ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። በዚያ ላይ ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ ደካማ መስሎ መታየት በአውሬ ያስበላል። ስለዚህ እኛ "ዛሬ ትንሽ ዝም ብላለች" ስንል እሷ ብዙ ተሠቃይታ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሐኪም ካያት፣ መድኃኒት ከታዘዘላት በኋላ ቤት ውስጥ ስላለው ሥራ ነው። እኔ የተማርኩት ዳማ የምትባለውን ጥንቸሌን ሳስታምም ነው። የመንጋጋ ጥርሷ ወደ ውስጥ ሾሎ ምላሷን እየወጋት መብላት አቆመች፤ አንጀቷም ቆመ። ሐኪሙ ጥርሷን አስተካክሎ፣ የሕመም ማስታገሻና ስሪንጅ ሰጥቶ ወደ ቤት ሸኘን። ከዚያ በኋላ መዳን አለመዳኗ በአብዛኛው በእኛ እጅ ነበር።

መጀመሪያ ቦታ አዘጋጁላት። ጸጥ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ውሻና ድመት የማይደርስበት ጥግ ይሁን። የውሻ ጠረን ብቻውን ያስጨንቃታል፤ ጭንቀት ደግሞ አንጀት ያቆማል። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ከሥሩ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ አድርጉ። ውኃው፣ ድርቆሹ፣ መጸዳጃ ሳጥኗ አንገቷን ዘርግታ የምትደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የሳጥኑ ጠርዝ ከፍ ያለ ከሆነ በአንድ በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡላት፤ የደከመች ጥንቸል መዝለል አትችልም።

ቀጥሎ ሙቀት። የጤነኛ ጥንቸል የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ነው። ከ38 በታች ከወረደ አደጋ ነው። ቴርሞሜትር በፊንጢጣ መለካት ሐኪም ሳያሳያችሁ አትሞክሩ፤ ብትራገጥ ትጎዳለች። ጆሮዋን ዳስሱት። ጆሮዋ ቀዝቅዞ ሰውነቷ ከዛለ፣ ሞቅ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና በአንድ ጎኗ አስጠጉላት። ሌላው ጎኗ ባዶ ይሁን፤ ሲበዛባት ትሽሽ። ራሷን ማንቀሳቀስ የማትችል ከሆነ በየጊዜው እየነካችሁ አረጋግጡ፤ ጥንቸል ሙቀት ሲበዛም ትሞታለች። ቀዝቅዛ የዛለች ጥንቸል ግን በሙቀት ብቻ አትታለፍም። እያሞቃችኋት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ እስክትነቃ ድረስም ምንም ምግብ በአፏ አታድርጉ።

ስለ ሕመም ማስታገሻ ጠንከር ብዬ ልናገር። ያመማት ጥንቸል አትበላም፤ የቱንም ያህል ብትለምኗት አትበላም። ጎብጣ መቀመጥ፣ ዓይኗን በከፊል መጨፈን፣ ሆዷን ወለሉ ላይ መጫን፣ ቦታ መቀያየር፣ ጥርሷን ጮክ ብሎ ማፋጨት የሕመም ምልክቶች ናቸው። ስትዳብሷት ደስ ብሏት ጥርሷን በቀስታ የምታንቀጫቅጨው ሌላ ነው፤ ድምፁ ይለያል፣ ሰውነቷም ዘና ያለ ነው። ለጥንቸል ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜሎክሲካም የሚባለው ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው መመሪያ ለውሻ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል በኪሎ ሲታሰብ ከውሻ የበለጠ መጠን ነው የምትወስደው። ስለዚህ መመሪያውን አይታችሁ በራሳችሁ አትቀንሱ፣ ሐኪሙ ካዘዘው በላይም አትጨምሩ። ሰዓቱንም አታዛንፉ። መድኃኒቱ ኩላሊት ስለሚነካ ውኃ በደንብ መውሰድ አለባት።

ከቤት መድኃኒት ሳጥን ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን አውጥታችሁ አትስጧት። አሞክሳሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ዘሮች በአፍ ከተሰጡ ጥንቸል ይገድላሉ፤ የአንጀቷን ጥሩ ባክቴሪያ አጥፍተው መርዝ የሚያመነጨው እንዲራባ ያደርጋሉ። ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚቀባው ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒትም ለጥንቸል መርዝ ነው። ጥንቸል የማያክም ሰው ቢያዝላችሁ እንኳ እነዚህን ስሞች አስታውሳችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ በስሪንጅ ማብላት። ለሣር በል እንስሳት ማገገሚያ ተብሎ የሚዘጋጅ ዱቄት አለ፤ ሐኪም ጋ ይገኛል። እሱ ከሌለ የተለመደውን እንክብል መኖዋን ፈጭታችሁ በሞቀ ውኃ አርሱትና በደንብ እስኪላቁጥ ጠብቁ። ስሪንጁ የማይዘጋበት፣ ግን ጭልጥ ያለ ውኃ ያልሆነ ይሁን። እጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ለብ ያለ መሆን አለበት። መጠኑን ሐኪሙ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚባለው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን 100 ሚሊ ያህል ያስፈልጋታል፤ ይህን 5 ጊዜ ብታካፍሉት በአንዴ 20 ሚሊ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ ከዚያ ያነሰ ብትወስድም በትንሽ በትንሹ ደጋግማችሁ ስጧት።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ፈትሹ፦ ሆዷን። እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከጠነከረ አታብሏት። አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ ከላይ የጨመራችሁት መውጫ የለውም። ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ ጥንቸሏን መሐሉ ላይ በአራት እግሯ አስቀምጡ፣ ከዚያ ፎጣውን ከግራም ከቀኝም አምጥታችሁ ጠቅልሏት። የፊት እግሮቿ ውስጥ ይግቡ፣ አፍንጫዋ ነፃ ይሁን፤ ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው። ጀርባዋን ወደ እናንተ አስጠጉ። ጠረጴዛው የሚያስፈራችሁ ከሆነ ወለል ላይ ተንበርክካችሁ በጉልበቶቻችሁ መሐል ያዟት፤ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ብታመልጥም አትወድቅም። ስታነሷት ሁልጊዜ አንድ እጃችሁ ከኋላ እግሮቿ ሥር ይሁን። የኋላ እግሯ ተንጠልጥሎ ከተራገጠች የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። በጀርባዋ አስተኝታችሁ ግን በፍጹም አታብሏት።

ከፊት ጥርሶቿ በስተኋላ ባዶ ክፍተት አለ። የስሪንጁን ጫፍ በጎን በኩል እዚያ አስገቡ፤ አቅጣጫው ወደ ጉሮሮዋ ሳይሆን ወደ ሌላኛው ጉንጯ ይሁን። ግማሽ ሚሊ፣ ቢበዛ አንድ ሚሊ ግፉና አቁሙ። ስታኝክ ታያላችሁ። ስትውጥ ጠብቁ። ከዚያ ሌላ። የሚቸኩል ሰው ይህን ሥራ አይያዘው፤ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣባታል። በአፍንጫዋ ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጉላትና ለሐኪም ደውሉ። ከታገለችም አታስገድዷት፤ ልቀቋት፣ ትረጋጋ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ስትጨርሱ አገጯን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። እዚያ የደረቀ ምግብ ቆዳዋን ያቆስላል።

ዳማ ሥራው የቀለላት ከእያንዳንዱ ማብላት በፊት ትንሽ የድንብላል ቅጠል አፍንጫዋ ሥር ማስጠጋት ስንጀምር ነው። መጀመሪያ ታሸተዋለች፣ ትተወዋለች። ቢሆንም ሽታው ይጠቅማል። ድርቆሹንም ትኩስ ትኩሱን በየጊዜው ቀይሩላት፤ የተረሳ ድርቆሽ አይማርክም። ራሷ የነከሰችው አንድ ዘንግ ድርቆሽ በስሪንጅ ከገባ ምግብ ይበልጣል፤ ጥርሷንም ይሞርዳል፣ አንጀቷንም ይቀሰቅሳል። ጣፋጭ ነገር ግን፣ ፍራፍሬም ቢሆን፣ ብስኩትም ቢሆን፣ በዚህ ጊዜ ይቅር። የቆመ አንጀት ውስጥ ስኳር ጋዝ ያበዛል።

ውኃ በከባድ ጎድጓዳ ሳህን አቅርቡ። የታመመች ጥንቸል ከጠርሙስ እየላሰች የምትጠጣው አይበቃትም። ቅጠል ስትሰጡ ውኃው ሳይራገፍ ስጡ። በቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሐኪሙ ካዘዘ ቤት ውስጥ እንድትሰጡት ያስተምራችሁ፤ መርፌው ያስፈራል እንጂ ይለመዳል።

ደብተር ያዙ። ስልክ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ብትጽፉት ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ተረኛው ማን እንደሆነ አያከራክርም። ሰዓት፣ ስንት ሚሊ በላች፣ መድኃኒት፣ ሽንት፣ በጠጥ። በጠጡ ብዙ ይናገራል። ትንሽና ደረቅ ከሆነ አንጀቷ ገና እየታገለ ነው። በፀጉር የተያያዘ ከሆነ ድርቆሽና ውኃ አንሷታል። እየተለቀ፣ ክብ እየሆነ ከመጣ መንገዱ ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ከመብላቷ በፊት፣ በማእድ ቤት ሚዛን መዝኗት። ክብደቷ በ10 በመቶ ከቀነሰ ለሐኪሙ ንገሩ። የማብላቱን ሰዓት ስታወጡ ለራሳችሁም አስቡ፤ የመጨረሻው ምሽት አርፍዶ፣ የመጀመሪያው ማለዳ ላይ ቢሆን በመሐሉ ትተኛላችሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እጁ ይቸኩላል።

ጥንቸል ከተለመደው በጠጥ ሌላ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ በጠጥ አላት፤ ከፊንጢጣዋ በቀጥታ ትበላዋለች። ቫይታሚንና ጠቃሚ ባክቴሪያ አለበት። ስትበላ ብታዩ አትከልክሏት። ጎንበስ ማለት ካቃታት በእጃችሁ አቅርቡላት። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ አንገትጌ ከዚህ ስለሚከለክላት የግድ ካልሆነ አይደረግባት።

ንጽሕናዋን ጠዋትና ማታ እዩ። ሽንት ወይም ለስላሳ በጠጥ የኋላ ፀጉሯ ላይ ከተጣበቀ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ አጽዱ፣ ከዚያ እስከ ቆዳው ድረስ አድርቁ። መላ ሰውነቷን ውኃ ውስጥ አትንከሯት፤ የታመመች ጥንቸል በድንጋጤና በብርድ ልትሞት ትችላለች። ዝንብ ካለ መስኮቱን በመረብ ሸፍኑ። ዝንብ በቆሸሸ ፀጉር ላይ ዕንቁላል ይጥላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል፣ ትሉ ሥጋዋን ይበላል። አንድ ትል ካያችሁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሂዱ።

መነሣት ያቃታት ጥንቸል በጎኗ ብዙ እንዳትቆይ በየጥቂት ሰዓቱ ገልብጧት። ጭንቅላቷ የተጣመመባት ደግሞ ትንከባለላለች። ፎጣ ጠቅልላችሁ በሁለት ጎኗ ደገፍ አድርጉላት። ወደ ታች የዞረው ዓይኗ ወለሉን እንዳይነካ፣ እንዳይደርቅም ተከታተሉ። ማየቱ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። መንስኤው ኢ. ኩኒኩሊ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከሆነ ፌንቤንዳዞል የሚባል የጥገኛ ተሕዋስ መድኃኒት ለ28 ቀን ያህል ይታዘዛል። ጭንቅላታቸው እንደተጣመመ ቀርቶ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ጥንቸሎች ብዙ ናቸው።

ጓደኛ ያላት ከሆነ፣ ሐኪሙ ተላላፊ ነው ካላለ፣ አትለዩአቸው። ብቻዋን መሆን ያስጨንቃታል፤ ስትመለስም ጠረኗ ተቀይሮ ሊጣሉ ይችላሉ። የማን በጠጥ እንደሆነ ማወቅ ከቸገራችሁ ለጥቂት ሰዓት በመሐላቸው የሽቦ አጥር አድርጉ፤ ይተያዩ፣ ይሸታተቱ።

አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ውኃ የሆነ ተቅማጥ ከመጣባት፣ ከዛለች ወይም ከተንቀጠቀጠች የቤቱን ሥራ ትታችሁ ሂዱ። ማስታገሻ እየወሰደችም ሕመሟ ካልቀነሰ፣ ምንም ካልቀሰቀሳት፣ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፦ "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ያለ ስቃይ እንድታርፍ ማድረግም ከማስታመሙ ሥራ አንዱ ነው። ጓደኛዋ ሬሳዋን አሽትታ እንድትለያት ጊዜ ስጡ፤ ካልሆነ ስትፈልጋት ትሰነብታለች።

መብላት ስትጀምር ደግሞ ስሪንጁን በአንድ ቀን አታቁሙ። አንድ ዙር ቀንሱ፣ በማግሥቱ መዝኗት። ክብደቷ ከጸና ሌላ ዙር ቀንሱ። ቅጠል እየበላች ድርቆሽ የምትተው ከሆነ አፏ ገና ያማታል ማለት ነው፤ ጥርሷ እንደገና ይታይ። ዳማን የሚያስቸግራት ጥርሷ ስለሆነ አሁንም በየጊዜው ትታያለች፤ ሚዛኑም ከማእድ ቤት ጠረጴዛችን ላይ አልተነሣም።